ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ትኬቱና ጉግል አልተስማሙልኝም

ሲልቨር ስፕሪንግ 14

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመጣልኝ ነው። 68 ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ ኤርፖርት የሄደችው ሰው ልትሸኝ ብቻ ነው። የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ወንድሜ ቦሌ ድረስ ያደርሳታል፣ ከዚያ በኋላ ብቻዋን ናት።

ትኬቷ ላይ መነሻ ጁላይ 6፣ 22:45፤ መድረሻ ጁላይ 7፣ 08:15 ይላል። በጣቴ ስቆጥረው 9 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ጉግል ርቀቱ 11,560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው አለኝ። አንድ ሌላ ድረ ገጽ "የበረራ ጊዜ 13 ሰዓት" ይላል። አምና የመጣችው አክስቴ ደግሞ "አሥራ ሰባት ሰዓት ተቀምጬ ወገቤ ተቆረጠ" ብላኛለች። ማንን ልመን?

ለወሬ አይደለም የምጠይቀው። እማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ሁልጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፣ ዜና ሲጀምር። አንድ ቀን አዛብታ አታውቅም። መንገድ ላይ መቼ እንደምትውጠው አስልቼ በትልቅ ፊደል በወረቀት ልጽፍላት ነው።

መመለሻዋ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ከዚህ 11:00 ረፋድ ላይ ተነስታ በማግስቱ 07:00 ትደርሳለች ይላል። 20 ሰዓት! ምነው፣ መንገዱ ያው መንገድ አይደለም እንዴ?

አራት ኪሎ

አክስትሽን እመኚ። ድረ ገጽ ይሳሳታል፣ ወገብ አይሳሳትም።

ዘወትር ተጓዥ

ሲልቨር፣ እንኳን ደስ አለሽ። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የተጻፈው። በጁላይ የሁለቱ ልዩነት 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ በ9 ሰዓት ተኩሉ ላይ 7 ደምሪ፣ 16 ሰዓት ተኩል ነው። አክስትሽ የጨመሩት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፣ እሱም ይፈቀድላቸዋል።

በመመለሻው ደግሞ ከ20 ላይ 7 ቀንሺ። 13 ሰዓት። ድረ ገጹ የነገረሽ ይሄን ነው።

ትኬቱ ላይ አጭር የሚመስለው ጉዞ ረጅሙ ነው፣ ረጅም የሚመስለው አጭሩ ነው ማለት ነው። ስንት ዓመት ተመላልሼ እኔ ራሴ አሁንም በጣቴ ነው የምቆጥረው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ ከሆነ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። እኛ ሰዓታችንን አንነካካም፣ እነሱ በዓመት ሁለቴ ያዟዙራሉ። በጋና ክረምት ብዬ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው፤ የኛ ክረምትና የነሱ ክረምት አይገናኙም፣ ስንት ሰው በዚህ ተሳስቷል።

ሲልቨር ስፕሪንግ 14

እግዜር ይስጥህ፣ ገባኝ። ግን አሁንም 3 ሰዓት ተኩል ልዩነት አለ። መሄጃው 16 ተኩል፣ መመለሻው 13። ያው ሁለት ከተማ!

ሊቁ

ቀላል ነው። መሬት ስለምትሽከረከር ነው። ወደ ምሥራቅ ነው የምትዞረው። ከአዞሯ ጋር ስትበር ትፈጥናለህ፣ በተቃራኒ ስትበር ትዘገያለህ። ስምንተኛ ክፍል የተማርነው ነው።

ኮተቤ ፊዚክስ

ወንድሜ ሊቁ፣ አትቀየመኝ። እኔ ስምንተኛ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝ፣ እንደዚያ አላስተማርኩም።

አውሮፕላኑ ቦሌ ቆሞ እያለም ከመሬት ጋር እየዞረ ነው። አየሩም አብሮ ይዞራል። ሲነሳ ያንን ዙረት ይዞት ነው የሚነሳው። አንተ እንዳልከው መሬት ከሥሩ የምትሸሽ ብትሆን ኖሮ ውጤቱ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነበር። ወደ ምዕራብ መሄድ ምን ያደክማል? ከቦሌ ተነስቶ አየር ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ዋሽንግተን ራሷ ትመጣ ነበር።

ልዩነቱን የሚያመጣው አንዱ ነገር ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ በተለይ በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ማለፍ ለሱ ብርቅ አይደለም። አውሮፕላኑ በራሱ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሲመለስ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። በጁላይ ለዘብ ይላል፣ በጃንዋሪ ይበረታል።

መሬት መዞሯ ለዚህ ነፋስ መፈጠር ድርሻ አላት፣ እዚያ ላይ ግማሽ ነጥብ እሰጥሃለሁ።

ሊቁ

ግማሽም አትናቅም። ተቀብያለሁ።

ደለስ ታክሲ

ልጆች፣ ነፋሱን ተዉትና ትኬቱን ገልብጡት። ሲልቨር፣ ከሰዓቱ ሥር በትንንሽ ፊደል "1 ማረፊያ፣ ደብሊን" የሚል የለም? አለ ብዬ እወራረዳለሁ።

ሲመጡ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ያርፋል። አንድ ሰዓት አካባቢ ይቆማል። ነዳጅ ይቀዳል፣ ሠራተኛው ይቀየራል። እኔ በመጣሁባቸው ጊዜያት መንገደኛ አልወረደም። እዚያው ወንበርሽ ላይ ቁጭ ነው። እናትሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለዚያ "ደረስን" ብለው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ይነሳሉ። የኔ እናት እንደሱ ነው ያደረገችው። ሻንጣዋን ከላይ አስወርዳ፣ መሐረቧን አስተካክላ፣ በሩ ጋ ቆማ "ልጄን ጥሩልኝ" ብላለች። የሆነችው ደግሞ ገና ደብሊን ነው።

ሲመለሱ ግን ቀጥታ ነው፣ ማንም አያርፍም።

ሲልቨር ስፕሪንግ 14

በሳቅ ገደልከኝ። አዎ፣ አለ! ደብሊን ይላል፣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ይሄን እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ግን ሲመለስ የማያስፈልገው ማረፊያ ሲሄድ ለምን አስፈለገ?

ጡረተኛው ቴክኒሻን

ልጄ፣ ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ነው የጨረስኩት። ይቺን ጥያቄ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም እጠየቃለሁ።

ነገሩ ያለው ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። ክንፍ የሚያነሳው አየር ነው፣ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ከሌላው ቦታ የበለጠ መፍጠን አለበት። ለመፍጠን ደግሞ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው። አጭር አይባልም፣ ግን ማለቂያ አለው። ጎማም ቢሆን የራሱ የፍጥነት ልክ አለው።

አንድ ቦይንግ 787 ሙሉ ሲቀዳ ወደ 100 ቶን ነዳጅ ይይዛል። ዋሽንግተን ቀጥታ ለመድረስ አብዛኛውን ይፈልገዋል። በዚያ ላይ ሰው አለ። ሻንጣ አለ። ሻንጣው ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ አለ። 23 ኪሎ ከተፈቀደ 23 ኪሎ ነው የሚሞላው፣ 19 ኪሎ ይዞ የሚመጣ ሐበሻ አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ከቦሌ መነሳት ማለት አባይ በረሃን ሙሉ ጭኖ እንደሚወጣ አይሱዙ ነው። ወይ ጭነት ታራግፋለህ፣ ወይ አትወጣም።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። ሰውና ዕቃ ቀንሶ ነዳጁን ሞልቶ ቀጥታ መሄድ፣ ወይም ሰዉን ሞልቶ በልኩ ነዳጅ ይዞ መንገድ ላይ መቅዳት። ባዶ ወንበር ይዞ መብረር ደግሞ ያከስራል። ስለዚህ ይቀዳል።

ደለስ፣ የዋሽንግተኑ ኤርፖርት፣ ሲደርሱ ታሪኩ ይገለበጣል። ደለስ 95 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ወፍራም ነው። ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰው ይዞ ብድግ ይላል። በዚያ ላይ መምህሩ ያሉት ነፋስ ከኋላ አለ። ሌላ ማረፊያ ምን ያደርግለታል?

ሒሳቡን ላስቀምጥልሽ። ከ3 ሰዓት ተኩሉ ውስጥ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃው ደብሊን ላይ ቆሞ ነው። የቀረው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነፋሱ፣ ሁለቴ መውረድና መውጣቱ፣ ደግሞም ትንሽ ዙሪያው ነው።

አራት ኪሎ

ጋሼ፣ ቆይ እንጂ። ሌላው ሁሉ ለኢኮኖሚያችን የማይመች ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ከፍታችንም ጠላታችን ሆኖ ተገኘ? ለሯጮቻችን ጥሩ ነው ስንል ነበር እኮ።

ጡረተኛው ቴክኒሻን

ሯጭ ታንኩን ሞልቶ አይነሳም።

ደግሞ አንድ ነገር ላጫውታችሁ፣ ከርዕሱ ብዙም አልወጣም። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1984፣ በኛ ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ቦይንግ 767 ሲረከብ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ ነው የመጣው። ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ። 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ፈጀበት። በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን እንደዚያ ርቆ በርሮ አያውቅም ነበር፣ ክብረ ወሰን ነበር። እስቲ የሲልቨርን እናት የመመለሻ ትኬት እዩት። 13 ሰዓት። ከ40 ዓመት በላይ አልፎ፣ ስንት ዓይነት አውሮፕላን ተቀያይሮ፣ የዳነው 17 ደቂቃ ነው።

ዘወትር ተጓዥ

ይሄን አላውቅም ነበር። በቢሾፍቱ በኩል አቡሴራ ላይ አዲሱ ኤርፖርት ሲያልቅስ ጋሼ፣ ይቀየር ይሆን?

ጡረተኛው ቴክኒሻን

ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል። ይረዳል። ግን 1,900 ሜትርም ቢሆን ባሕር ዳር አይደለም። (ጣና ዳር ያለችውን ማለቴ አይደለም።) ከዚያ ይልቅ አዳዲሶቹ ኤርባስ ኤ350ዎች ምን ያህል ተሸክመው እንደሚነሱ ነው የምጠብቀው።

ካርታ ወዳጅ

ስለ ዙሪያው ካነሳችሁ እኔ ልግባ። ቤት ውስጥ ክብ ሉል ያለው ሰው ክር ያምጣ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዛችሁ ወጥሩት። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ወደ ምዕራብ፣ በካሜሩን በናይጄሪያ አድርጎ የሚሄድ ይመስላል። ክሩ ግን እንደዚያ አያደርግም። ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚነሳው። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን አቋርጦ በደቡብ ስፔን ግራናዳ አካባቢ ያልፍና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ይገባል። 11,560 ኪሎ ሜትር የተባለው ይሄ ነው።

አሁን ደብሊንን ጨምሩበት። ከአዲስ አበባ ደብሊን ወደ 6,370፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ወደ 5,460። ድምሩ 11,830። አየርላንድ ድረስ ወጥቶ የተጨመረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳሰላው ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የሠራሁት፣ አላምን ብዬ።

በቶጎዋ ሎሜ በኩል የሚሄዱ በረራዎችም አሉ። ሎሜ ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነች ለመነሳት ምቹ ናት። መንገዱ ግን ወደ 12,750 ይደርሳል። ትኬት ስትገዙ ማረፊያው የት እንደሆነ እዩ፤ ርካሽ የሚመስለው አንዳንዴ አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል።

ሌላው፣ እነዚህ ሁሉ የክር ቁጥሮች ናቸው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት አብዛኛው የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ በረራ ተዘግቶ ቆይቷል። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄደው አውሮፕላን ሱዳንን ይዞራል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ካርታ ካያችሁ መስመሩ ጎበጥ ብሎ ነው የምታገኙት።

ቴል አቪቭ ደቡብ

ከእስራኤል ነኝ። የናንተን ሳነብ የኛ አጭር መሆኑ አሳፈረኝ። አዲስ አበባ ቴል አቪቭ ወደ 2,590 ኪሎ ሜትር ነው፣ 4 ሰዓት ገደማ። ዱባይም ያው ነው፣ ወደ 2,520። ምሳ በልቶ እንቅልፍ ሳይወስድ መድረስ ነው።

ግን ስለ ሱዳን ሲነሳ አንድ ነገር ልበል። አባቴ ይሄንኑ መንገድ በ1976 ዓ.ም ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሩ ነው የጀመረው። ሌሊት ሌሊት እየሄዱ፣ ቀን እየተደበቁ። ከዚያ መጠለያ ጣቢያ ስንት ወር ቆይተው ነው አውሮፕላን ያዩት። መንገድ ላይ የቀሩ አሉ። አሁን ስክሪን ላይ አውሮፕላኑ ሱዳንን ሲዞር ባየ ቁጥር "እኔ አልዞርኳትም" ይላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ 14

ይሄን አንብቤ ዝም አልኩ። አባትህን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ጎተራ ማሳለጫ

ሲልቨር፣ ስለ ርቀቱ በቂ ተባለ። እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነው። ወንድምሽ ትኬቱን በትክክል አንብቦታል? "22:45" የሚለውን?

በኛ ቤት የሆነውን ልንገርሽ። የእህቴ ትኬት "ረቡዕ፣ 00:15" ይል ነበር። ሁላችንም አየነው። አባቴ በመነጽር አየው። ረቡዕ ሌሊት 6:15 ነው ብለን ተስማማን። ረቡዕ ዶሮ ተሠራ። ጎረቤት ተጠራ፣ ተመረቀች፣ ተለቀሰ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰባት ሰው በሁለት መኪና ታጭቀን ቦሌ ደረስን። መግቢያው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ አባቴን አየች። "አባባ፣ ይሄ በረራ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል።"

ፈረንጅ ቀኑን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ቀናችን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ስለዚህ "ረቡዕ 00:15" ማለት ማክሰኞ ማታ ተሸኝተሽ፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:15 የምትሄጂው ነው። አባቴ እስከ ዛሬ "አጥቢያ ብለው ቢጽፉ ምን ነበረበት?" ይላል። ለአዲስ ትኬት የወጣውን ብር አልነግርሽም። ዶሮውም በማግስቱ አልጣፈጠም።

አራት ኪሎ

የኔ አጎት ተቃራኒውን ነው ያደረገው። ትኬቱ "10:30 ፒኤም" ይላል። ፒኤሟን አላያትም። 10:30 ማለት ለሱ ከቀኑ 10 ተኩል ነው። ስድስት ሰዓት ቀድሞ ቦሌ ተገኘ፣ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለብኝ ብሎ ደግሞ ሌላ ሦስት ጨመረበት። ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ ብሎ ከጥበቃዎቹ ጋር ጓደኛ ሆኖ ነው የሄደው።

ሲልቨር ስፕሪንግ 14

እግዚኦ! አሁኑኑ ወንድሜን ደወልኩለት። "22:45 ማለት ስንት ነው?" ስለው ትንሽ አሰበና "ከምሽቱ 4:45" አለኝ። ተመስገን። ጁላይ 6 ደግሞ ሰኔ 29 መሆኑን እማዬ ራሷ ግድግዳ ላይ ባለው የማኅበሩ ቀን መቁጠሪያ አረጋግጣለች። ከምሽቱ 1:45 ላይ ቦሌ እንዲገኙ ነግሬያቸዋለሁ። እማዬ 11 ሰዓት ላይ እንገኝ ብላለች፣ እየተደራደርን ነው።

ፋርማሲ ቤቷ

የመድኃኒቱን ነገር ማንም አልመለሰልሽም። ልሞክር።

ሰዓቷን የአዲስ አበባ ላይ ይዛ ትቆይ። ከምሽቱ 4:45 ተነስታ 8 ሰዓት ገደማ በርራ ደብሊን የምትደርሰው በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12:35 አካባቢ ነው። እስከ 1:45 ቆመው ይቆያሉ። የመድኃኒቷ 1 ሰዓት እዚያው መሐል ላይ ወደቀልሽ! አውሮፕላኑ ቆሟል፣ መብራቱ በርቷል፣ ውሃ መጠየቅ ይቻላል። "አውሮፕላኑ መጀመሪያ ሲያርፍ ዋጪ" ብለሽ ጻፊላት። ቢዘገይ እንኳ በእጇ ያለው ሰዓት ይነግራታል።

ችግሩ ከመጣች በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነው። በየሌሊቱ ስትቀሰቅሻት ልትከርሚ ነው ወይስ ሰዓቱ ይገፋ? እሱን ከመነሳቷ በፊት ሐኪሟን ጠይቃ ትምጣ። እኔ በጽሑፍ አልወስንላትም።

መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። 16 ሰዓት ተቀምጦ እግር ያብጣል፣ ስለዚህ ነጠላ ጫማ ወይም ላላ ያለ ጫማ ታድርግ። በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ እስከ ሽንት ቤቱ ሄዳ ትመለስ። ትኬቱን የቆረጠላችሁን ቢሮ ዊልቸር አስመዝግቡላት። "አንካሳ አይደለሁም" ትልሻለች፣ ሁሉም እናት እንደዚያ ነው የሚለው። ዊልቸሩ ለእግሯ ሳይሆን ለወረፋውና ለቋንቋው ነው በያት።

ደለስ ታክሲ

ቋንጣ እንዳታስይዟቸው ብቻ። ሥጋ አይገባም። ሽሮውና በርበሬው ካለ ሲጠየቁ "አለኝ" ማለት ነው፣ የሚያጣላው መደበቁ ነው። ከወረዱ በኋላ ለፓስፖርትና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ተኩል ያዢላቸው፣ 8:15 ላይ በሩ ላይ ቆመሽ አትንቀጥቀጪ።

ለሰዓቱ ደግሞ እኛ ሾፌሮች የምንጠቀምባት ዘዴ አለች። እናት አገር ቤት ስንደውል 7 ደምር፣ 6 ቀንስ እያልን አንባዝንም። አሁን በዋሽንግተን ሰዓትሽ ላይ ያለውን ቁጥር አይተሽ 1 ትጨምሪያለሽ፤ እዚህ ኤኤም ከሆነ እዚያ ቀን ነው፣ ፒኤም ከሆነ እዚያ ሌሊት ነው፣ አለቀ። እዚህ ማታ 8 ሰዓት ከሆነ እዚያ ከሌሊቱ 9 ነው። እዚህ ጠዋት 8:15 ከሆነ እዚያ ከቀኑ 9:15። ከኖቬምበር በኋላ 2 ትጨምሪያለሽ።

ኮተቤ ፊዚክስ

ሠራሁት፣ ትክክል ነው። የሰዓት ልዩነቱ 7 ነው፣ የኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ይለያል፣ 7 ሲቀነስ 6፣ 1። ይሄን ለተማሪዎቼ እወስደዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ 14

ሰላም ሁላችሁም። ዛሬ ጁላይ 8 ነው። መጣችልኝ።

አውሮፕላኑ 8:05 ላይ አረፈ፣ እማዬ በሩን የወጣችው 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። በዊልቸር። የሚገፋት ልጅ የአዳማ ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ እስክንገናኝ ድረስ የቤተሰቡን ታሪክ ጨርሳዋለች። እግሯ ትንሽ አብጧል። ሌላ ደህና ናት።

በትልቅ ፊደል የጻፍኩላትን ወረቀት ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ አጥፋ ነው ያመጣችው፣ አላየችውም። ደብሊን ሲቆም ግን መድኃኒቷን ውጣለች። "አንድ ሰዓት ሆነ፣ ዋጥኩ" ነው ያለችኝ። ደብሊን ትሁን የት ጉዳይዋም አይደለም። ለመውረድ ግን አልተነሳችም፣ ደለስ ታክሲ፣ ታሪክህን ነግሬያት ነበር።

ነፋሱን፣ ከፍታውን፣ 270 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ መኪና ውስጥ ላስረዳት ሞከርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እሷ የገረማትን ነገረችኝ። "በመሐል ያረፍን ጊዜ ሊነጋጋ ነበር። ተነስተን ሄድን፣ ሄድን፣ ምግብ አመጡ፣ ወሰዱ፣ ተኛሁ፣ ነቃሁ። በመስኮት ባይ ጠዋት ነው። ደግሞ ሄድን። እዚህ ስወርድም ጠዋት ነው። ጠዋቱ አላልቅ አለ እኮ።"

ቤት ስንደርስ ቡና እየተቆላ የእጅ ሰዓቷን ላስተካክልላት ብዬ ክንዷን ያዝኩ። የግድግዳው ሰዓት 11:20 ይላል፣ የሷ 12:20። ሁለቱን አየችና እጇን ሰበሰበች።

"ተዪው፣ አንድ ሰዓት ነው የቀደመው።"